«ይህ ቢያመልጠን ቀጣዩ መቼ ነው?» ከስቶክሆልም እስከ ፓሌርሞ በስድስት ባቡር

ከመነሳታችን በፊት

ጋሼ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። ሐኪሙ ለጊዜው አውሮፕላን እንዳያስቡ አስጠንቅቋቸዋል። ልጃቸው ደግሞ ፓሌርሞ ወልዳለች። «ታዲያ በባቡርስ ብንሄድ?» አሉኝ በስልክ። ስቶክሆልምና ፓሌርሞ የትና የት እንደሆኑ ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ። «ባቡሩ መርከብ ላይ ይወጣል አሉ፤ እውነት ነው?»

እውነት ነው አልኳቸው። ጉዞው የተቆረጠው ያን ጊዜ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው ሳያዩ አይቀሩም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ያሳለፍኩት ካርታና የጊዜ ሰሌዳ ላይ አፍጥጬ ነው። መስመሩን ማግኘት ከባድ አይደለም፦ ስቶክሆልም፣ ኮፐንሃገን፣ ሃምቡርግ፣ ሙኒክ፣ ቦሎኛ፣ ሮም፣ ፓሌርሞ። ስድስት ባቡር፣ አምስት ቅያሪ። መከራው ያለው ቅያሪው ላይ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ፕሮግራም አጭሩን መንገድ ፈልግልኝ ስትለው ዘጠኝ ደቂቃ መሸጋገሪያ ሰጥቶህ ይኮራል። በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሻንጣና አንድ የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት ይዘህ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው እንደምትሄድ ፕሮግራሙ ምን ያውቃል?

የትኬቱ ነገርም አለ። ስድስቱን ባቡር በስድስት የተለያየ ትኬት ብትገዛ፣ አንዱ ዘግይቶ ሌላው ቢያመልጥህ ያመለጠህ ባቡር ባለቤት ዕዳ የለበትም፤ ለሱ አንተ ያልመጣህ ተሳፋሪ ነህ። መንገዱ ሁሉ በአንድ ትኬት ከተገዛ ግን የአውሮፓ ኅብረት የተሳፋሪዎች መብት ደንብ ይከላከልልሃል። ከሰኔ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ ከ60 ደቂቃ በላይ እንደምትዘገይ ከታወቀ ገንዘብህን እንድትቀበል ወይም በሌላ መንገድ እንድትቀጥል መብት ይሰጥሃል። ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት መዘግየት የትኬቱን 25 በመቶ ካሳ ያስገኛል፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ደግሞ 50 በመቶ። ችግሩ ከስዊድን እስከ ሲሲሊ በአንድ ትኬት የሚሸጥልህ ማግኘት ነው። እኔ አላገኘሁም።

ስለዚህ ኢንተርሬይል የሚባለውን የባቡር ይለፍ ያዝን፤ በአንድ ወር ውስጥ አራት የጉዞ ቀን የሚሰጠውን። በዚህ ይለፍ አንድ ባቡር ቢያመልጥህ በቀጣዩ ትሄዳለህ፤ የሚከስረው ያስያዝከው መቀመጫ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውላት አንዲት ደንብ አለችው፦ ከእኩለ ሌሊት በፊት ተሳፍረህ ሳትቀይር እስከ ማግስቱ የምትሄድበት የሌሊት ባቡር የሚቆጠረው በተነሳህበት ቀን ብቻ ነው። ከሮም ወደ ፓሌርሞ የሚሄደው እንዲህ ያለ ስለሆነ መንገዳችን ሁሉ በሦስት የጉዞ ቀን አለቀ። አራተኛዋን ለክፉ ቀን አስቀመጥናት።

የአውሮፓ ባቡሮች ዓመታዊ ሰሌዳ በታኅሣሥ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር ሁለተኛ ቅዳሜ ሌሊት እንደሚቀየር ልብ ይሏል። የዛሬ ዓመት የሄደ ወዳጅህ የነገረህን ሰዓት ይዘህ እንዳትነሳ።

ለጋሼ በደብተር ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁላቸው፦ የምንደርስበት፣ የምንነሳበት፣ በመሀል ያለው ጊዜ። ሰዓቶቹን እንደ ጣቢያው ሰሌዳ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፍኳቸው፤ ምክንያቱም አንዱ በኛ ሰዓት አንዱ በነሱ ሰዓት ሲያስብ ስድስት ሰዓት በአየር ላይ ይጠፋል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ በእርሳስ አንድ ዓምድ ጨመሩበትና ከላዩ ጻፉ፦ «ይህ ቢያመልጠን ቀጣዩ መቼ ነው?»

አፈርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያሰብኩት ስለሚዘገየው ባቡር ነበር፤ እሳቸው ግን የጠየቁት ከሱ በኋላ ስላለው ነው። ከቦሎኛ ወደ ሮም ፈጣን ባቡር በሰዓት ብዙ ጊዜ አለ፤ እዚያ ጠባብ ጊዜ ብትተው ብዙ አትጎዳም። የሮሙ የሌሊት ባቡር ግን ካመለጠህ ሮም አደርክ፣ አልጋህም ባዶውን ሄደ፣ አራተኛዋም የጉዞ ቀን ተበላች። ሰፊውን ጊዜ ከሱ በፊት ማስቀመጥ ነበረብኝ። ሠንጠረዡን እንደገና ሠራሁት፤ ሮም ላይ አምስት ሰዓት አደረግሁ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ስቶክሆልም፣ ኮፐንሃገን፣ ሃምቡርግ

ግንቦት አጋማሽ ነው፤ ስቶክሆልም በዚህ ወቅት ሌሊት የሚባል ነገር የላትም ማለት ይቻላል። ማለዳ ስንሳፈር ፀሐይዋ ከተነሳች ቆይታለች። እስከ ኮፐንሃገን አምስት ሰዓት ከምናምን ነው፦ ጥድ፣ ሐይቅ፣ ቀይ የእንጨት ቤት፣ እንደገና ጥድ። ጋሼ ተኙ።

ማልሞ ላይ ቀሰቀስኳቸው። በስዊድን ባቡር የሚሄደው በግራ ሐዲድ ነው፣ በዴንማርክ በቀኝ፤ የሚቀያየሩት እዚህ ማልሞ አካባቢ ነው። የኤሌክትሪኩም ዓይነት ይለያያል። በስዊድን 15 ሺህ ቮልት በ16.7 ኸርዝ፣ በዴንማርክ 25 ሺህ ቮልት በ50 ኸርዝ ነው፤ ባቡሩ ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘው ድልድይ አካባቢ ሳይቆም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ጋሼ መብራቱ ብልጭ ይል እንደሆነ ጣሪያውን ትክ ብለው ሲያዩ ባሕሩን አላዩትም። «ጋሼ፣ ድልድዩ አለቀ እኮ» ብላቸው «ባሕር አውቃለሁ» አሉኝ።

የኦረሰንድ ድልድይ በ2000 የተከፈተ ነው። ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ በድልድይ ሄዶ ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ይወርዳል፣ አራት ኪሎ ሜትር ደሴቱን ያቋርጣል፣ ከዚያ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ከባሕሩ ሥር ይገባል። እስከ መጨረሻው ድልድይ ያልሆነው ኮፐንሃገን አየር ማረፊያ አጠገቡ ስለሆነ ነው፤ ረጃጅሞቹ ምሰሶዎች የአውሮፕላኖቹን መንገድ ይዘጉ ነበር።

ኮፐንሃገን ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ክፍተት ነበረን። ምንም አልተፈጠረም። ቁጭ አልን፣ ተነሳን፣ ሄድን።

ወደ ሃምቡርግ የሚወስደው ባቡር እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ ከዴንማርኳ ሩድቢ ወደ ጀርመኗ ፑትጋርደን በመርከብ ይሻገር ነበር። ይህን ባልነግራቸው ይሻለኝ ነበር። «ስለዚህ አንዱን መርከብ አጥተናል ማለት ነው» አሉ ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ሁሉ። አሁን እዚያ ባሕር ሥር 18 ኪሎ ሜትር ዋሻ እየተሠራ ነው፤ እስከዚያው ባቡሩ በምዕራብ በኩል ዞሮ ታላቁ ቤልት በሚባለው ወሽመጥ በኩል ይሄዳል። እዚያም ቢሆን እስከ 1997 ድረስ ባቡሮች በመርከብ ነበር የሚሻገሩት። ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

የካሳቸው ነገር ሬንድስቡርግ ላይ መጣ። የኪል ቦይን ለማቋረጥ ባቡሩ ትልልቅ መርከቦች ከሥሩ እንዲያልፉ 42 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ አገሩ ደግሞ እንደ ምጣድ ሜዳ ነው። ስለዚህ ከ1911 እስከ 1913 የሠሩት መሐንዲሶች ሐዲዱን እንደ ቋጠሮ ጠመዘዙት፦ ባቡሩ ከጣቢያው ወጥቶ በከተማዋ ቤቶች ዙሪያ ክብ እየሠራ ይወጣል፣ ራሱ የመጣበትን ሐዲድ ከላይ ያቋርጣል፣ ከዚያ የብረት ድልድዩ ላይ ይወጣል። መስኮቱ ላይ ተለጥፈን ቁልቁል የሰው ጓሮ እናያለን፤ የተሰጣ ልብስ፣ የልጆች ብስክሌት፣ ከዚያ ያው ጓሮ እንደገና ከሌላ አቅጣጫ። ከድልድዩ ሥር በገመድ ተንጠልጥሎ ሰውና መኪና ከዳር ዳር የሚያመላልስ ነገር አለ። ጋሼ በጣታቸው አየር ላይ ክቡን ደጋግመው ሠሩት።

ሃምቡርግ ልንገባ ስንል ሜዳ ላይ ቆምን። የሐዲድ መቀየሪያ ብልሽት ነው ተባለ። ከጎናችን ያለች ሴት ስልኳን እያየች እግሯ መሬት አይነካም፤ ወደ በርሊን የምትቀይርበት አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበራት። አርባ ደቂቃ ቆመን ገባን። እኛ ሃምቡርግ ስለምናድር አልነካንም። ሆቴሉ ከጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ ነው፤ ሲቀያየሩ ለሚያድሩ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ርካሹን ሆቴል ፍለጋ ከተማ ዳር ብትሄድ ጠዋት ሌላ ስድስተኛ ቅያሪ ጨመርክ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቀን፦ ሃምቡርግ፣ ሙኒክ

ይህ ቀላሉ ቀን ነው፤ አንድ ባቡር፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ቅያሪ የለም። ዐውቄ ነው እንዲህ ያደረግሁት። ተከታትለው ከሚመጡ የቅያሪ ቀናት መሀል አንድ ማረፊያ ቀን ከሌለ ሦስተኛው ቀን ላይ ሰው በሰው ይናደዳል።

ያም ሆኖ ጠዋት መድረኩ ላይ ሮጠናል፣ ያውም በኔ ጥፋት። ትልልቆቹ የጀርመን ጣቢያዎች መድረካቸውን በፊደል ይከፋፍሉታል፤ ሰሌዳው የትኛው ፉርጎ የትኛው ፊደል ጋ እንደሚቆም ያሳይሃል። እኔ ማታ ስልኬ ላይ አይቼው ዲ ጋ ቆመናል። ጠዋት ባቡሩ የመጣው ተገልብጦ ነው፤ የኋላው ፊት፣ የፊቱ ኋላ። ማስጠንቀቂያው ከራሳችን በላይ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ቀና ብሎ ያየ የለም። የኛ ፉርጎ ከመድረኩ ሌላ ጫፍ። ጋሼ ሻንጣቸውን እየጎተቱ «አንተ፣ ሰሌዳ አታነብም?» ይሉኛል። ቀላሉ መፍትሔ የታየኝ ተቀምጠን ካበቃን በኋላ ነው፦ ባገኘኸው በር ግባና ውስጥ ለውስጥ ሂድ። ባቡሩ የሚነሳው አንተ ስትገባ እንጂ ስትቀመጥ አይደለም።

ከሃኖቨር እስከ ቩርትስቡርግ ያለው በ1991 የተከፈተው ፈጣን መስመር ከዋሻ ዋሻ ነው። ላንድሩከን የሚባለው ብቻ ከ10 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጀርመን ውስጥ ከሱ የረዘመ የባቡር ዋሻ የለም። ጋሼ ስለ ጆሯቸው ፈርቼ አየኋቸው። ዋሻ ስንገባ ምራቃቸውን ዋጥ ያደርጋሉ፣ ያው ነው። ኑርንበርግ ስንደርስ በጀርመን የመጀመሪያው ባቡር በ1835 ከዚህ ወደ ፉርት እንደሄደ ነገርኳቸው። «ምን ያህል ይርቃል?» አሉ። ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ስላቸው ሳቁ፤ «በእግር አይሄዱም ነበር?»

ከሙኒክ ሮም በቀጥታ የሚወስድ የሌሊት ባቡርም አለ። አንድ ቅያሪ ይቀንስልን ነበር። ግን ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ባቡር ላይ ማደር ለጋሼ ከበደኝ፣ ደግሞም አልፕስን በጨለማ ማለፍ ኃጢአት መሰለኝ። ሙኒክ አደርን።

ሦስተኛው ቀን፦ ሙኒክ፣ ቦሎኛ፣ ሮም

ዛሬ ሦስት ባቡር አለን። ደብተሩ ጋሼ ጉልበት ላይ ነው።

ከኢንስብሩክ በኋላ ባቡሩ እየጎበጠ በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ላይ ወዳለው የተራራ መተላለፊያ፣ ወደ ብሬነር ይወጣል። መስመሩ የተከፈተው በ1867 ነው። የሚገርመው አብዛኞቹ ሌሎች የአልፕስ መስመሮች ጫፍ ላይ ሲደርሱ ዋሻ ሲገቡ ይህኛው እስከ መተላለፊያው አናት ድረስ በላዩ መውጣቱ ነው፤ ጣቢያው ያለው 1,371 ሜትር ላይ ነው። ከሥሩ 55 ኪሎ ሜትር ዋሻ እየተቆፈረ ስለሆነ የኛ የልጅ ልጆች ይህን ሁሉ ተራራ ሳያዩት ያልፉት ይሆናል። ብሬነር ላይ የኦስትሪያው 15 ሺህ ቮልት አልቆ የጣሊያኑ 3 ሺህ ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይጀምራል። ድሮ እዚህ ሎኮሞቲቭ መቀየር ግዴታ ነበር፤ ዛሬ ሁሉንም ዓይነት የሚቀበሉ አሉ። ጋሼ ለማየት ወርደው ነበር፤ የፊሽካ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ወደ ጉሮሮዬ ትወጣለች።

ደግነቱ ባቡሩ አልቸኮለም። ክፋቱም እሱ ነው። ከፊታችን የጭነት ባቡር ተበላሽቶ ብሬነር ላይ ቀረን። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ቦሎኛ ላይ የተውኩት ክፍተት 24 ደቂቃ ነበር። በጋሼ ዓምድ ላይ ከሱ አጠገብ «በግማሽ ሰዓት» የሚል ተጽፏል። ጋሼ አነበቡት፣ ደብተሩን አጠፉት፣ ፖም አወጡና መላጥ ጀመሩ።

እኔ ግን ስልኬን እነካካለሁ። ቦሎኛ ስንደርስ 38 ደቂቃ ዘግይተናል። በሰዓቱ ብንደርስም ግን መንገዱ ያታልላል። የፈጣን ባቡሮቹ ሐዲዶች፣ ከ16 እስከ 19 ያሉት፣ ከመሬት ሥር 23 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ናቸው። በሌላው ሐዲድ የመጣ ሰው መተላለፊያውን አቋርጦ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ደረጃ መውረድ አለበት። ቦሎኛ ካርታው ላይ አንድ ጣቢያ ነው፣ ለእግር ሁለት። በ24 ደቂቃ ይደረስ ነበር፤ ግን ጋሼ አሳንሰሩን ሲፈልጉ፣ እኔ ጋሼን ስፈልግ፣ ለጥቂት ነበር።

ያስያዝነው መቀመጫ ተቃጠለ። የትኬት መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በቀጣዩ ባቡር ሁለት ቦታ ሰጠችን፤ ለየብቻ፣ አንዱ ሦስት ፉርጎ ይርቃል። ጋሼን አስቀምጬ ወደ ኔው ሄድኩ። ሮም እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሳቸው ሳስብ ቆየሁ። የሮም ዋና ጣቢያ ተርሚኒ ላይ ስወርድ መድረኩ ላይ ከአንድ ወጣት መሐንዲስ ጋር ቆመው ስለ ሬንድስቡርግ ድልድይ በእጃቸው እያስረዱ አገኘኋቸው። በየትኛው ቋንቋ እንደተግባቡ እስካሁን አልገባኝም።

ከአምስት ሰዓቱ አራቱ ተርፎናል። ሻንጣችንን ሰጥተን ጋሼ እግራቸውን ሰቅለው አረፉ። ያንን አራት ሰዓት ቤት ሆኜ በሰሌዳ ላይ ሳየው ብክነት ይመስለኝ ነበር።

አራተኛው ቀን፦ ባቡሩ መርከብ ላይ

አልጋችን ከሮም የተነሳው 23:00 አካባቢ ነው። ከመተኛቴ በፊት የፉርጎአችንን ቁጥር መዳፌ ላይ ጻፍኩት። የሌሊቱ ባቡር ሲሲሊ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፦ ግማሹ ወደ ፓሌርሞ፣ ግማሹ በምሥራቅ ዳርቻ ወደ ካታኒያና ሲራኩሳ። የተሳሳተ ፉርጎ ውስጥ ተኝቶ የሚነቃ ሰው ሌላ ከተማ ይነቃል።

ንጋት ላይ ጋሼ እግሬን ነቀነቁኝ። «ተነስ፣ ቆሟል።» ከሲሲሊ ማዶ ያለችው ወደብ፣ ቪላ ሳን ጆቫኒ ነን። መብራቱ ጠፍቷል፣ ማቀዝቀዣውም ዝም ብሏል፤ ሎኮሞቲቩ ተፈትቶ ሄዷል። ከዚያ ከኋላ ገፋ ተደረግን፤ ቆምን፤ እንደገና ተጎተትን። ጋሼ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው በሹክሹክታ ይቆጥራሉ። ባቡሩ ሙሉውን መርከቡ ላይ አይገባም፤ ቆራርጠው ጎን ለጎን በተዘረጉት ሐዲዶች ላይ ይደረድሩታል። የመርከቡ አፍ ክፍት ነው። የየብሱ ሐዲድና የመርከቡ ሐዲድ በተንቀሳቃሽ ድልድይ ይገናኛሉ፤ ፉርጎው ሲያልፍበት መርከቡ በክብደቱ ዝቅ ሲል እግርህ ላይ ይሰማሃል። አንድ ሠራተኛ ጎማው ሥር ጎንበስ ብሎ በሰንሰለት ሲያስር፣ ጋሼ ሰንሰለቱ እስኪወጠር ድረስ አልተነፈሱም።

ከፉርጎው ወርደን በጠባብ ደረጃ ወደ ላይ ወጣን። ባሕሩ ገና ግራጫ ነበር። የመሲና ወሽመጥ በጠባቡ ቦታ ሦስት ኪሎ ሜትር ከምናምን ብቻ ነው። ድልድይ ይሠራል ሲባል ዘመናት አለፉ፤ እስከዚያው ባቡር የሚያሻግሩት መርከቦች ናቸው፣ ከ1899 ጀምሮ። መሻገሩ ራሱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ መቁረጡና መቀጠሉ ተደምሮ ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ይበላል። ጋሼ በደብተራቸው ይህን እንደ ቅያሪ ጽፈውት ነበር፤ ቁጥር ስድስት፣ «ሳንወርድ»።

መሲና ስንጠጋ ወደ ታች ተመለስን። እዚያ ታች ብርሃን የለም፤ ፉርጎዎቹ ሁሉ አንድ ይመስላሉ። ሦስት ሰዎች ግራ ተጋብተው ከወዲያ ወዲህ ይላሉ። መዳፌን ገልጬ ቁጥሩን አነበብኩ።

ከመሲና በኋላ ባቡሩ በሰሜኑ ዳርቻ ይሄዳል፤ በቀኝ ባሕር፣ በግራ ተራራ፣ ሚላትሶ፣ ቼፋሉ። ጋሼ አሁን ባሕሩን ያዩታል። ስለ ሕፃኑ የጠየቁኝም እዚህ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፦ «ስንት ኪሎ ነው አለች?»

ፓሌርሞ የገባነው 40 ደቂቃ ዘግይተን ነው። ባቡሩ ሳይቆም ጋሼ እርሳሳቸውን አውጥተው በመጨረሻው ረድፍ ላይ «40» ብለው ጻፉ፣ ደብተሩን ለኔ ሰጡኝና ወረዱ። ሁለቱንም ሻንጣ እኔ ተሸከምኩ።